ሶስናን የሚያያት ማን ነው? በ1610 የተሣለ ሥዕል ፊት ቆሜ

ሶስና ዘኑርንበርግ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ስሜ ሶስና ነው። ልጅ ሳለሁ የንስሐ አባታችን ቤት መጥተው ሲጸልዩ «ዳንኤልን ከአፈ አናብስት፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶነ እሳት፣ ሶስናን ከእደ ረበናት ያዳንክ» ይላሉ። እናቴ በክርኗ ነካ ታደርገኛለች። ስሜ ጸሎት ውስጥ ስለገባ ደስ ይለኝ ነበር። ረበናቱ፣ ማለትም ሁለቱ ሽማግሌ ዳኞች፣ ምን እንዳደረጉ የጠየቅኩት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከምኖርበት ከኑርንበርግ ተነስቼ ፖመርስፈልደን ሄድኩ። ባምበርግ አጠገብ ያለች ትንሽ መንደር ናት። እዚያ ቫይሰንሽታይን የሚባል ቤተ መንግሥት አለ፤ ግድግዳው ሁሉ በሥዕል የተሞላ ነው። የሄድኩት ለአንድ ሥዕል ብቻ ነው። አርቴሚዝያ ጀንቲሌስኪ የምትባል የሮም ልጅ በ1610 የሣለችው «ሶስናና ሽማግሌዎቹ»። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ያኔ ዕድሜዋ 17 ቢሆን ነው።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው፣ ከእኔ ይበልጣል። ሶስና የድንጋይ መቀመጫ ላይ ናት። ጭኗ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል ብሏል። ከበላይዋ፣ ከድንጋዩ ማዶ፣ ሁለት ወንዶች ተደግፈው ጎንበስ ብለውባታል። አንዱ ለሌላው ጆሮው ላይ ያንሾካሹካል። ሌላው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጓል፤ ዝም በይ ይላታል። ሁለቱም ሽማግሌ ናቸው ማለት አይደለም ደግሞ። አንዱ ፀጉሩ ጥቁር ነው፣ ጎልማሳ ነው።

እኔን የያዘኝ አንገቷ ነው። ፊቷን አዙራለች፣ እጆቿን ወደ ላይ አንስታለች፣ ወገቧ ወዲያ ተጠምዟል። ሰውነቷ ሁሉ መሸሽ ይፈልጋል፣ መሸሻ ግን የለም። ጀርባዋ ድንጋይ ነው። አትክልት ቦታ እንኳ የለም፣ ቅጠል አይታይም። ድንጋይ፣ ሁለት ወንድ፣ እሷ። በቃ።

ይህን አንገት አውቀዋለሁ። ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሶስናን ስንቱ ሠዓሊ ሥሏታል፤ ይህች የ17 ዓመት ልጅ ግን ሌሎቹ ያላዩትን አይታለች እላለሁ። እናንተስ?

ዮናስ የቄራው

እህቴ ሶስና፣ በቅንነት ልጠይቅሽ። ሥዕሉን ፈልጌ አየሁት። ልጅቷ ራቁቷን ናት። ወንዶቹ ለብሰዋል፣ እሷ ተራቁታለች፣ እኛ ደግሞ ቆመን እናያለን። ታዲያ ይህ ወንዶቹን መቃወም ነው ወይስ እነሱ የሚያዩትን ለኛም ማሳየት? ልዩነቱ አልገባኝም። ለክርክር አይደለም፣ የምር አልገባኝም።

ቀለም በጥባጭ

ዮናስ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ሥዕል የተማርኩ ሰው ነኝና ልሞክር።

ከአርቴሚዝያ 50 ዓመት ያህል በፊት ቲንቶሬቶ የሚባለው የቬኒሱ ሠዓሊ ሶስናን ሥሏል። ሥዕሉ ቪየና ነው ያለው። እባክህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ እያቸው። የቲንቶሬቶዋ ሶስና ዘና ብላ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ መስታወት ቆሟል፣ ራሷን ታያለች። ዙሪያዋ ጌጥ፣ ሽቶ፣ ሐር። ብርሃኑ ሁሉ ገላዋ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ጥግ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ይሰርቃሉ፤ አንዱ ራሰ በራ መሬት ላይ ተለጥፏል። እሷ ምንም አላወቀችም። የምታውቀው ቁንጅናዋን ብቻ ነው።

አሁን አንተ የት ነው የቆምከው? ከሽማግሌዎቹ ጋር ነህ። ሠዓሊው ጥሩ ቦታ ይዞልሃል። መስታወቱ ደግሞ «እሷም ራሷን እያየች ነው፣ አንተ ብታያት ምን አለበት» ይልሃል።

አርቴሚዝያ ጋ መስታወቱ የለም፣ ሽቶው የለም፣ መሰረቁም የለም። ሥዕሉ የሚጀምረው ማየቱ ካለቀ በኋላ ነው። ወንዶቹ መጥተዋል፣ ተናግረዋል፣ እሷ ሰምታለች። ገላዋን ለማየት ብትሞክር ዓይንህ ቀድሞ እጇ ላይ ያርፋል፤ እጇ ደግሞ እንቢ ይላል። የሆድ እጥፋቷ፣ የአንገቷ መስመር፣ የተኮሳተረው ግንባሯ፣ ሁሉም እውነተኛ ሰው ናቸው። እንደዚያ ተጠምዝዛ የምትቀመጥ ሴት ተመቻት ብለህ ልታስብ አትችልም።

ራቁትነቱ አንድ ነው። የተጠየቅከው ነገር ነው የተለያየው።

ዲያቆን ከጎርጎራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መጽሐፈ ሶስና እኛ ጋ ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል። ብዙ ሰው ግን ስሟን እንጂ ታሪኩን አያውቅም፤ ስለዚህ ባጭሩ ላስታውስ። ሶስና በባቢሎን የኢዮአቄም ሚስት ናት። ሁለቱ ረበናት የሕዝብ ዳኞች ናቸው። ይህን አስምሩበት፣ መንገደኛ ዱርዬ አይደሉም። ሰው አቤት ሊል የሚመጣው እነሱ ዘንድ ነው። ቀን ቀን እየመጡ ያዩዋታል፤ አንዱ ከሌላው ይደብቅ ነበር፣ ኋላ ተያዙና ተስማሙ። ገረዶቿን ዘይት እንዲያመጡ ልካ ብቻዋን በሆነች ጊዜ ወጡባት። «እሺ በይን፣ እንቢ ካልሽ ከጎልማሳ ጋር አገኘናት ብለን እንመሰክርብሻለን» አሏት።

እሷ ያለችው በሁሉ ወገን ተጨነቅሁ ነው። ብታደርገው ሞት፣ ባታደርገው ከእጃቸው አታመልጥም። የሥዕሉ ድንጋይ ይህ ይመስለኛል።

ሌላ አንድ ቦታ አለ፣ ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ለፍርድ ስትቀርብ ፊቷ ተሸፍኖ ነበር። ረበናቱ ግለጡት ብለው አዘዙ። ለምን? ከውበቷ እንዲጠግቡ። በችሎት ፊት! ልትሞት ቆማ፣ ቤተሰቧ እያለቀሰ፣ እነሱ አሁንም ያያሉ። መጽሐፉ ይህን ሳይሸፍን ጽፎታል።

ዳንኤል ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳገኟት ጠየቃቸው፤ ሁለት የተለያየ ዛፍ ጠሩ። ውሸታቸው ወጣ። ስንሰብክ የምንቸኩለው ወደዚህ ነው፣ ወደ ዳንኤል ጥበብ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ይህች ልጅ ግን ዳንኤል ከመምጣቱ በፊት ያለውን ደቂቃ ነው የሣለችው።

ማርታ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እንባዬ መጣ።

እኔ ያነበብኩት ግን አርቴሚዝያ ራሷ ተደፍራለች፣ ሥዕሉን የሣለችው ከዚያ በኋላ በበቀል ነው ይላል። ስለዚህ የራሷን ታሪክ ነው የሣለችው ማለት ነው።

ጠበቃዋ

ማርታዬ፣ ይህ ብዙ ቦታ የሚጻፍ ስህተት ስለሆነ ላስተካክለው። ሥዕሉ ላይ ያለው ዓመት 1610 ነው። አጎስቲኖ ታሲ የሚባለው የአባቷ የሥራ ባልደረባ የደፈራት በግንቦት 1611 ነው። ሥዕሉ ይቀድማል።

ይህ ደግሞ ነገሩን አያሳንሰውም። እንዲያውም ይብሳል። ከመደፈሯ በፊት ያውቀዋል አንገቷ። እናቷ ሞታለች፣ ከአባቷና ከወንድሞቿ ጋር የምትኖር፣ ቤቱ ወንድ ሠዓሊ የሚገባበት የሚወጣበት ልጅ ናት። ሴት ልጅ ለመማር መደፈር አያስፈልጋትም። ዓይን ይበቃል።

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ሮም ውስጥ እስካሁን አለ። አባቷ ኦራዚዮ በ1612 ለሮሙ ጳጳስ አቤት አለ። ችሎቱ 7 ወር ፈጀ። ታሲ ከደፈራት በኋላ አገባሻለሁ እያለ አባብሏት ነበር። ክሱም የዞረው «ድንግል ነበረች ወይ? አገባሻለሁ ብሏታል ወይ?» በሚለው ላይ ነው። አዋላጆች መረመሯት። ቃሏ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ ጣቶቿን በገመድ አስረው አጠበቁት። እሷን እንጂ እሱን አይደለም። የሠዓሊ ጣት! ገመዱ ሲጠብቅ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ትላለች። ከዚያ ወደ ታሲ ዞራ፦ ይህ ነው የሰጠኸኝ ቀለበት፣ ይህ ነው ተስፋህ አለችው። መዝገቡ ላይ ሰፍሯል።

ተፈረደበት። ከሮም ይውጣ ተባለ። በተግባር ግን ፍርዱ አልተፈጸመበትም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ለሚመስለው ሰው የራሳችንን ልንገረው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባ ከቅጣት ነጻ ይሆን ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ታርቀው፣ ተጋብተው፣ መዝገቡ ይዘጋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ነው ይህ የተሻረው። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፣ መጋባታቸውም ከተጠያቂነት አያድነውም። ማለትም ብዙዎቻችን በሕይወት እያለን ነው ሕጉ ከሮሙ ችሎት የራቀው።

አቤል ሰሚት

ሁሉንም አነበብኩ። ስለ መደፈሩ ማንም የሚከራከር የለም፣ አረመኔነት ነው። ግን አንዳንዴ ነገር እናጋንናለን። ሥዕሉ ላይ እኮ ገና አልነኳትም። አዩ፣ ተናገሩ። በዚህ ከሄድን መንገድ ላይ «ቆንጆ» ያለ ሁሉ ወንጀለኛ ሊሆን ነው። ለከፋና መድፈር አንድ አይደሉም።

ሶስና ዘኑርንበርግ

አቤል ወንድሜ፣ አንድ ናቸው አላልኩም። አንድ ቀን ልንገርህ፣ አንተው ስም ስጠው።

አሥረኛ ክፍል ነኝ። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ሰማያዊው ሚኒባስ፣ የኋላ ወንበር፣ አራት ሆነን። ከጎኔ የአባቴ እኩያ ሰውዬ፣ ኮት የለበሰ፣ ጋዜጣ ያነጠፈ። ጋዜጣው የእሱን ጉልበትና የእኔን ጉልበት ሸፍኗል። እጁ በጋዜጣው ሥር መጣ። እኔ ደብተሬን ወደ ታች ገፋሁት፣ እንደ አጥር። ደብተሩ ጠርዙ ረጠበ፣ ከላቤ። ሰውዬው ወደ መስኮት ነው የሚያየው። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የማይለቀኝ፣ ፊቱ ላይ ምንም አለመኖሩ። የራሱን ኪስ የሚፈትሽ ሰው ነበር የሚመስለው።

በሌላው ጎኔ ነጠላ የለበሱ እናት ነበሩ። አይተዋል። ዓይን ለዓይን ተገናኘን። በሹክሹክታ «ዝም በይ ልጄ፣ ልንደርስ ነው» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ሥዕሉ ፊት የቆምኩ ጊዜ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገውን ሰውዬ ሳይ የመጡብኝ እኚያ እናት ናቸው። ሊጎዱኝ አልነበረም። እሳቸውንም አንድ ጊዜ ሌላ ሰው እንደዚያ ብሏቸው ይሆናል። አቤል፣ «ቆንጆ» ማለት ወንጀል ነው የሚል የለም። እኔ የምለው፣ ያ ሰውዬ ከጋዜጣው ሥር እጁን የላከው ማንም ምንም እንደማይለው ስለሚያውቅ ነው። ያን ያስተማረው መንገድ ላይ የሚባለው ነገር ሁሉ ነው።

ቀለም በጥባጭ

ሶስና፣ ስለ እኚያ እናት የጻፍሽው ሌላ ነገር አስታወሰኝ።

አርቴሚዝያ ቤት ቱዝያ የምትባል ተከራይ ነበረች። እንደ ጠባቂዋ፣ እንደ ጓደኛዋ ነበረች። ታሲ የመጣ ቀን ቱዝያ እዚያ ነበረች። ከክፍሉ ወጣች።

አሁን የአርቴሚዝያን «ዮዲት»ን ተመልከቱ። መጽሐፈ ዮዲትንም እናውቀዋለን፤ የጦር አዛዡን የሆሎፎርኒስን አንገት የቆረጠችው መበለት። በብዙ ሌሎች ሥዕሎች፣ የሠዓሊው የካራቫጆም ሳይቀር፣ ገረዷ አሮጊት ናት። ዳር ቆማ ጨርቅ ይዛ ትጠብቃለች። የአርቴሚዝያ ገረድ ወጣት ናት። እጅጌዋን ሰብስባ አልጋው ላይ ወጥታለች፣ ሰውዬውን በሙሉ ክብደቷ ተጭናዋለች። ሁለት ሴቶች፣ አራት ክንድ። ዮዲት ብቻዋን አትችለውም ነበር፤ ሥዕሉን ያየ ሰው ይገባዋል።

ብዙ ሰው ስለ ደሙ ያወራል፣ በቀል ይላል። እኔ ግን ገረዷን ነው የማየው። ቱዝያ ከወጣችበት ክፍል ያልወጣች ሴት ናት።

ሀና ናፖሊ

ያ ሥዕል አንዱ ቅጂ እዚህ ናፖሊ ካፖዲሞንቴ ሙዚየም ነው ያለው። ሁለተኛው ፍሎረንስ ኡፊዚ ነው። እየሄድኩ አየዋለሁ። የምሠራው አረጋውያን እንክብካቤ ላይ ነው፣ እሑድ ዕረፍቴ ነው።

ናፖሊ ከተባለ ግን ሌላም እዚህ የሆነ ነገር አለ። በ1974 ማሪና አብራሞቪች የምትባል ሰርቢያዊት አንድ የሥዕል ማሳያ ውስጥ ለ6 ሰዓት ቆመች። ጠረጴዛ ላይ 72 ዕቃ ደረደረች። ጽጌረዳ፣ ማር፣ ላባ፣ መቀስ፣ ምላጭ፣ ሽጉጥና አንድ ጥይት። የፈለጋችሁትን አድርጉብኝ፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው ብላ ጻፈች። መጀመሪያ ሰው አፈረ። አበባ ሰጧት፣ ሳሟት። ቆይቶ ልብሷን በመቀስ ቀደዱት። አንገቷ ላይ ቆዳዋን በምላጭ ቆረጡ። ሽጉጡን አጉርሰው ወደ ራሷ አዞሩት፣ ያን ጊዜ ተመልካቹ ርስ በርሱ ተጣላ። 6 ሰዓት ሲሞላ መንቀሳቀስ ጀመረች፣ ወደ ሰዎቹ ሄደች። ሮጡ። ዓይኗን ሊያዩ አልቻሉም።

አቤል፣ ይህ ላንተም መልስ ይመስለኛል። እነዚያ ሰዎች ሽፍቶች አልነበሩም። ጥበብ ለማየት ለብሰው የመጡ ሰዎች ናቸው።

አቤል ሰሚት

እሺ። ስለ ጋዜጣው የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት ሶስና። እህት አለችኝ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። ማታ ጠየቅኳት። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞሽ ያውቃል ወይ አልኳት። «የቱ?» አለችኝ። የቱ። ብዙ ስለሆነ የትኛውን እንደምጠይቃት አላወቀችም።

«ቆንጆ» ማለት ላይ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። ግን ማጋነን ያልኩትን አንስቻለሁ።

ጋሽ ታደሰ

ልጆቼ፣ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ስለ ሥዕል አላውቅም፣ ስለ ቃል ግን ትንሽ አውቃለሁ።

ቋንቋችን «ደፈረ» የሚለውን ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል። ደፋር ጀግና ነው። ደፈራት ሲባል ደግሞ ነውር ነው። በ2006 ዓ.ም. ዓለም ያየው የጠለፋ ታሪክ ፊልም ርዕሱን «ድፍረት» ያለው ይህን ሁለት ትርጉም ይዞ ነው። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሠላሳ ዓመት ይህን እንደ ቋንቋ ውበት አልፌዋለሁ። አሁን ሳስበው ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። «ተደፈረች» ስንል የሚቀረው እሷ ላይ ነው፤ ስሙ ከእሷ ጋር ይሄዳል። አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል። የዚያች ልጅ ሥዕል አድራጊዎቹን መልሶ አስገብቷቸዋል። ከላይዋ፣ ትልልቅ ሆነው፣ ከነልብሳቸው።

ሶስና ልጄ፣ አባትሽ ለምን ይህን ስም እንዳወጡልሽ ጠይቀሻቸዋል?

ሶስና ዘኑርንበርግ

ጋሽ ታደሰ፣ ጥያቄዎ እንቅልፍ ነሳኝና ደወልኩ። አባቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለው። እስከ ዛሬ ንጽሕት ስለነበረች ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለኝ።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ስለጮኸች ነው» አለኝ።

«ማን?»

«ሶስና። አላነበብሽም እንዴ? በታላቅ ድምፅ ጮኸች ይላል። እነሱም ጮሁባት፣ ድምፃቸው በለጣት። ግን ጮኻለች። ልጅ ሆኜ ሲነበብ የያዝኩት እሱን ነው።»

ስለ ሚኒባሱ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ። ምን እንዳለኝ ለራሴ ላቆየው።

ማርታ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሶስናዬ፣ እግዚአብሔር አባትሽን ያቆይልሽ። ክረምት ላይ ፍራንክፈርት እህቴ ጋ እመጣለሁ። ከዚያ ፖመርስፈልደን ሩቅ ነው? በባቡር ይደረሳል?

ሶስና ዘኑርንበርግ

እስከ ባምበርግ በባቡር ትመጫለሽ፣ ከዚያ እኔ በመኪና እወስድሻለሁ። ቀድመሽ ንገሪኝ፣ ቤተ መንግሥቱ ክፍት መሆኑን እደውላለሁ። የሚያስገቡት በአስጎብኚ ነው፣ አስጎብኚው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያልፋል። ሥዕሉ ጋ ስንደርስ ከሰዉ ኋላ ቅሪ፣ እኔ በጥያቄ አቆየዋለሁ።